መድኃኒት በቤት ውስጥ የት ይቀመጥ?

መድኃኒት የአገልግሎት ጊዜው ሳያልፍም ሊበላሽ ይችላል። ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን መልኩን ሳይለውጡ ኃይሉን ሊቀንሱት ስለሚችሉ፣ በትክክል እየወሰዱ ላይሻልዎት ይችላል።

ከመጋዘን የምንማረው

የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ባሕር ዳርን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። በመድኃኒት መጋዘን አሠራር እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ አለው። ካርቶኖች ከወለል ቢያንስ 10፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃሉ። በብዛት የሚወጣው ለእጅ በሚቀርብ ቦታ ይቀመጣል። ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ደግሞ ከፊት ሆኖ ቀድሞ ይወጣል።

በቤትዎ

• በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይበረታል። መድኃኒቱን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃ አጠገብና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቁ። በክረምት ከእርጥብ ግድግዳና ከመታጠቢያ ቤት ያርቁት።
• ከነማሸጊያው ያስቀምጡት፤ የየሰዉን መድኃኒት ለየብቻ ያድርጉ።
• ሕፃናት የማይደርሱበት፣ ቢቻል የሚቆለፍ ቦታ ይምረጡ። በረኪና፣ ነጭ ጋዝ ወይም ፀረ ተባይ በሃይላንድ ጠርሙስ አይገልብጡ፤ ከመድኃኒትም አጠገብ አያስቀምጡ።

ኢንሱሊን

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። በረዶ ከሚሠራበት የፍሪጅ ክፍል ያርቁት፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይጠቀሙበት። አብዛኞቹ ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች ለ4 ሳምንት ያህል ያገለግላሉ፤ የእርስዎን በመመሪያው ላይ ያረጋግጡ። ፍሪጅ ከሌለዎት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገብተው በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ይሙሉ። ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው ከውስጠኛው ያኑሩ፤ ማሰሮውን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያስቀምጡ፤ አሸዋው ሲደርቅ ያርጥቡት። ይህ ሙቀቱን ይቀንሳል እንጂ ፍሪጅን አይተካም፤ ስለዚህ ብዙ አያከማቹ።

ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ሲያነቡ

በማሸጊያው ላይ ያለው ቀን በአብዛኛው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 03/2026 የሚል ጽሑፍ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። በእኛ 2026 ነው ብለው ከተረዱት ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ለዓመታት ሊወስዱ ይችላሉ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወረቀት ጽፈው ይለጥፉ፤ ቀድሞ የሚያልፈውንም ከፊት ያድርጉ። በውኃ የተበጠበጠ የሕፃናት ፀረ ተሕዋስ ሽሮፕ ግን የሚቆየው ለቀናት ብቻ ነው፤ የተበጠበጠ ኦአርኤስም ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ባለሙያ የሚያማክሩት መቼ ነው?

ክኒኑ ከተሰባበረ፣ ከተጣበቀ ወይም ሽታው ከተለወጠ፣ ጥርት ያለው ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ወይም የደም ስኳርዎ ያለ ምክንያት ከጨመረ መድኃኒቱን ይዘው ወደ ፋርማሲ ወይም ጤና ተቋም ይሂዱ። መርፌዎን ግን ባለሙያ ሳያማክሩ አያቋርጡ። ሕፃን መድኃኒት ከዋጠ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ፣ ማሸጊያውን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።