ማትሪክ፣ ፕሪፓራቶሪ፣ ሪሜዲያል፦ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለችው ዓመት የማን ናት?

ሪሜዲያል ደርሶት አሰላ የሚገባ ተማሪ ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይከብዳል እንዴ?» አዎ፣ ይከብዳል። ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ግን ሰባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ መካከል ያለችው ዓመት በአገራችን ባለቤቷ ሲቀያየር የኖረች ናት። አንዴ ትምህርት ቤቱ ይይዛታል፣ አንዴ ዩኒቨርሲቲው። በተቀያየረች ቁጥር የሚንገላታው ደግሞ መሀል ላይ የተገኘው ተማሪ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የተማሪ መለኪያው ከውጭ የመጣ ነበር። ዛሬም ድረስ አፋችን ላይ ያለው «ማትሪክ» የሚለው ቃል ከእንግሊዞች የመግቢያ ፈተና የወረስነው ነው። ኋላ የአገር ውስጡ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ቦታውን ሲይዝም ስሙ አልለቀቀም። በዚያ ዘመን ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ለተነሳ የገበሬ ልጅ ማትሪክ የእውቀት ፈተና ብቻ አልነበረም። ቤቱ አፋን ኦሮሞ ይናገራል፣ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል። ፊዚክስ የሚማረው በሦስተኛ ቋንቋው ነበር ማለት ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይህን ክፍተት ሳያውቀው አልቀረም። በ1950ዎቹ በበዕደ ማርያም ትምህርት ቤት በኩል ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዞቹን መርጦ 12ኛ ክፍልን ራሱ ያስተምር ነበር። እስቲ ይህን ልብ በሉ፤ የአገሪቱ ቀለሜዎች ተለቅመው እንኳ «አንድ ዓመት እኛ ጋ ይቆዩ» ተባለ። ስለ ሪሜዲያል ስናወራ ይህን የምንረሳው ይመስለኛል። ያኔ ዩኒቨርሲቲው የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ያስተማረው ለምርጦቹ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለጥቂት ላመለጣቸው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያምናሉ፦ ትምህርት ቤቱ ብቻውን አላደረሰም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንገዱን ገለበጠው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ 11ኛና 12ኛ ክፍል «ፕሪፓራቶሪ» ሆኑ፣ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ቀረ፣ አብዛኛው የዲግሪ ትምህርትም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ። በወረቀት ላይ ያማረ ሐሳብ ነው። በተግባር ግን ዩኒቨርሲቲ ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ቤተ ሙከራና መምህር ለጎደለው የወረዳ ትምህርት ቤት ማሸከም ሆነ። መምህር ሲጠፋ «ፕላዝማ» መጣ። የዚያ ዘመን ልጆች አይረሱትም፤ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት፣ በማያቆም ፈጣን እንግሊዝኛ። ደብተር ላይ የመጀመሪያውን መስመር ሳትጨርስ እሱ ሦስተኛው ላይ ነው። መብራት ከጠፋማ ክፍለ ጊዜው አለቀ፤ ነገ የሚመጣው ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። በዚህ ላይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ሆኗል። ሕፃኑ በአፉ በፈታው ቋንቋ መማሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛው ገደል አልተደፈነም፣ ከ7ኛ ወደ 9ኛ ክፍል ነው የተዛወረው።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ዓመቲቱ እንደገና የዩኒቨርሲቲው ሆነች ስንል ግን ሌላ ጉድ መጣ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ኩረጃን ለማስቀረት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው በ2015 መግቢያ ተፈተኑ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ብዙ ሰው «ልጆቹ ሰነፉ» አለ። አንድ ትውልድ ባንድ ክረምት አይሰንፍም። የቀየረው ነገር ሌላ ነው፦ ሸፍኖ የነበረው ጨርቅ ተነሳ። ባዶ የቀሩትን ዩኒቨርሲቲዎች ለመሙላትና ለማለፊያው የቀረቡትን ለመደገፍ ሪሜዲያል የተጀመረው ያኔ ነው። ውጤቱ ከዚያ ወዲህ ቀስ እያለ ወጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ።

እንግዲህ አርሲ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ሪሜዲያል የሚገባ ተማሪ ምን ይጠብቅ? መጀመሪያ፣ ትምህርቱ አዲስ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃው ነው። ሸክሙ ፍጥነቱ ላይ ነው። የአራት ዓመት ይዘት በጥቂት ወራት ይከለሳል። «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዶርም የተኛ ሰው በኋላ አይደርስበትም። ሽምደዳም ብዙ አያስኬድም፤ የሒሳብ ጥያቄ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን አቀራረቡም ተቀይሮ ይመጣል። ምዘናው የዩኒቨርሲቲው ተከታታይ ፈተናና ከማዕከል የሚመጣው ፈተና ድምር ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት የተቆጠበ ጉልበት ብዙ አይጠቅምም።

ከሁሉ በላይ ግን እንግሊዝኛው ነው። ብዙ ጊዜ «ኬሚስትሪ አልገባኝም» የሚል ተማሪን ጥያቄውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ አስረዱትና እዩ፤ አብዛኛውን ይሠራዋል። ያልገባው ጥያቄው እንጂ ኬሚስትሪው አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ካላችሁ ግማሹን የመማሪያ መጽሐፉን የእንግሊዝኛ አንቀጽ በራስ ቋንቋ ለጓደኛ ለማስረዳት አውሉት። መምህራንም ብንሆን ክፍል ውስጥ ቋንቋ መቀላቀልን እንደ ነውር ማየቱን ብንተው ጥሩ ነው።

ሌላው ኃፍረት ነው። ቤተሰብ «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ብሎ ደግሷል፤ ልጁ ግን ገና እንዳልገባ ያውቃል። ማለፊያውን ካላመጣ ወደ ፍሬሽማን እንደማይሻገርም ያውቃል። ይህን ለአባትና ለእናት ቀድሞ በግልጽ መንገር ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

አሰላ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከቆላ ለምትመጡ፣ ሌሊት ቤተ መጻሕፍት የምታመሹ ከሆነ ጋቢ ያዙ።