በክብሪት ቀፎ የተሠራ ተጋጣሚ

ዛሬ በኮምፒዩተር የስልት ጨዋታ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ። ሜዳውን መሣል፣ ወታደሮቹን ማሰለፍ፣ ሕጉን መደንገግ ብዙም አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግረው ተጋጣሚውን መሥራት ነው። ጓደኛ በሌለ ጊዜ ከፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያስብ መስሎ የሚገጥም ከየት ይገኛል? ጥያቄው የቆየ ስለሆነ ወደ ታሪኩ መለስ ብለን ብንመለከት ይጠቅማል እንላለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1770 ፎን ኬምፔለን የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ቼዝ የሚጫወት አሻንጉሊት በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ፊት አቀረበ። አሻንጉሊቱ ብዙ ዘመን ሕዝብ አስደነቀ፤ ምስጢሩ ግን በሣጥኑ ውስጥ የተደበቀ ሰው ነበር። በ1952 ደግሞ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ የቼዝ መመሪያ በወረቀት ጽፎ፣ ራሱ በኮምፒዩተር ፈንታ እያሰላ ከአንድ ባልደረባው ጋር ገጠመና ተሸነፈ።

ለትምህርት ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዶናልድ ሚቺ ሥራ ነው። ሚቺ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሌችሊ ፓርክ የጀርመንን የምስጢር መልእክት ይፈቱ ከነበሩት አንዱ ነው፤ ከቱሪንግ ጋር የተዋወቀውም እዚያው ነው። በ1961 በኤዲንብራ ሳለ ከልምድ የሚማር መሣሪያ ለመሥራት ፈለገ። የሚሠራበት ኮምፒዩተር አልነበረውም። ስለዚህ 304 ባዶ የክብሪት ቀፎ ሰበሰበ።

ጨዋታው ልጆች የሚያውቁት ነው፤ ዘጠኝ ቤት ባለው መደብ ላይ ኤክስና ኦ እየጻፉ ሦስቱን በአንድ መስመር ማዋል። ጀማሪው ሁልጊዜ መሣሪያው ነው። በእያንዳንዱ ቀፎ ላይ መሣሪያው በተራው ሊያጋጥመው የሚችል አንድ የመደብ ሁኔታ ተሥሏል። መደቡ ሲዞር ወይም በመስተዋት ሲታይ አንድ የሚሆኑት ሁኔታዎች በአንድ ስለተቆጠሩ ቁጥሩ በ304 ተወሰነ። በቀፎው ውስጥ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ዶቃዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ቀለም አንድ ቤት ያመለክታል። ተራው ሲደርስ ተገቢው ቀፎ ተፈልጎ ይናጣል፣ ዘንበል ይደረጋል፤ ጥግ ላይ የተገኘችው ዶቃ ባመለከተችው ቤት ይጻፋል።

ትምህርቱ የሚመጣው ከጨዋታው በኋላ ነው። መሣሪያው ከተሸነፈ በየቀፎው የወጣችው ዶቃ ትወሰዳለች፤ እኩል ከወጣ አንድ ተመሳሳይ ዶቃ፣ ካሸነፈ ሦስት ይጨመርለታል። እንዲህ እያለ የመጥፎው እርምጃ ዕድል ይመነምናል። ሌላም ብልሃት አለ። ለመጀመሪያው እርምጃ ከየቀለሙ አራት አራት፣ ለመጨረሻው ግን አንድ አንድ ዶቃ ብቻ ተደረገ። ለሽንፈት ይበልጥ ተጠያቂው የኋለኛው እርምጃ ስለሆነ እርሱ ቶሎ ይቀጣል፤ የፊተኛው ብዙ ጊዜ ይታገሡታል። እኛ መምህራን በምንቀጣበት ጊዜ ይህን ያህል የምናመዛዝን አይመስለንም።

ሚቺ ራሱ በሁለት ቀን 220 ጊዜ ገጠመው። ከሃያ ጨዋታ በኋላ መሣሪያው እኩል መውጣት ለመደ። ሚቺም ያልተለመደ እርምጃ እየወሰደ ሊያሳስተው ሞከረ፤ ቀፎዎቹ ግን ያንንም ተማሩ፤ በመጨረሻ ከአሥሩ ጨዋታ ስምንቱን እየተሸነፈ ተወው።

ዶቃዋ ስለ ጨዋታው አንዳች የምታውቀው የለም። ዕውቀቱ ያለው በዶቃዎቹ ብዛትና ማነስ ላይ ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ መቁጠር ይቻላል። የተማረውም ከሚቺ ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰው ቢያሠለጥነው ሌላ ዓይነት ተጋጣሚ በወጣው ነበር። ከዛሬዎቹ ጨዋታ ሠሪዎች አንዳንዶቹ ተጋጣሚው እንዲከብድ ሲሉ ከተጫዋቹ የተሸሸገውን ሜዳ ያሳዩታል፣ ወይም ትርፍ ወታደር ይሰጡታል። በእኛ አስተያየት ይህ ከኬምፔለን ሣጥን ብዙ አይርቅም።

304 ቀፎ ለአንድ ክፍል ይበዛል። ማርቲን ጋርድነር የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1962 ያወጣው ጨዋታ 24 ቀፎ ብቻ ይበቃዋል። በዘጠኙ ቤት ላይ ለየወገኑ ሦስት ሦስት ወታደር ይሰለፋል፤ ወታደሩ ወደፊት አንድ ቤት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል፤ ማዶ የደረሰ ወይም ባላጋራውን መሄጃ ያሳጣ ያሸንፋል። ዶቃ ከጠፋ ቀለም የተነከረ ሽምብራ ይሆናል። ቀፎውን የሚንጠው ተማሪ ግን ዓይኑን ይጨፍን፤ አለዚያ ሳይታወቀው ለመሣሪያው ያስብለታል።