ስለ አሮጌ ዕቃ አወጋገድና ስለ አዲስ ዓለም አጀማመር

ወጣቶች ሆይ፤ የምንኖርባት አዲስ ዓለም የተቈረቈረችው በማገዶ እጦት ምክንያት መሆኑን ብዙዎቻችሁ አታውቁ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት በድንኳን ከተማ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ሠራዊቱ በሰፈረበት አገር ዛፉ ለማገዶና ለጎጆ ይቈረጣል፤ ሣሩ ለበቅሎና ለፈረስ ይታጨዳል፤ ጥራጊውም በየሜዳው ይከመራል። እንጨቱ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀልና ጉዞው ወደ ሌላ አገር ይሆናል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ እንኳ ይህ ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም። ዐፄ ምኒልክም ከአንኮበር ወደ እንጦጦ መጡ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከእንጦጦ ሥር አዲስ አበባ ተቈረቈረች።

ከዓድዋ ድል በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝቡ በዛ፤ የእንጦጦ ጫካ ተመናመነ፤ ማገዶም ከሩቅ አገር በሰውና በአህያ ጀርባ ይመጣ ጀመር። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ እንጨት ወደማይታጣበት አገር፣ ኦሮሞው እጀሬ በሚለው ስፍራ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። በኢትዮጵያ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ከአዲስ አበባ ወደዚህ የሚመጣው ነው።

እኔ አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን ይህን ታሪክ በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ ለተማሪዎቼ አስገልብጬ አልፍ ነበር እንጂ ምን እንደሚነግረን አላስተዋልሁም ነበር። የሚነግረን ይህን ነው፤ ሰው ቤቱን ማጽዳት ሲያቅተው ቤቱን ትቶ ይሄዳል።

ነገር ግን በአዲስ ዓለም ሥራው ሳያልቅ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ቤት ሠርተው ስለ ነበር መነሣቱን አልወደዱትም። ሁለተኛ፣ ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ ቀደም ብሎ ገብቶ መስፋፋት ጀምሮ ነበር። ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ሲቈረጥም ከጕቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ የማገዶው ችግር መፍትሔ አገኘና ከተማዋ ባለችበት ቀረች።

እንግዲህ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ምን ይሁን? ድንጋዩ አልተበተነም፤ ሣርም አልበቀለበትም። ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተደረገ፤ በአክሱም ጽዮን አምሳል የእመቤታችን ማርያም ደብር ሆነ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ብሆንም በየዓመቱ ኅዳር 21 ቀን ያን ሁሉ ሕዝብ ባየሁ ቍጥር ለንጉሥ የታሰበው ቤት ለምእመናን መትረፉ ይገርመኛል። ይህን ማለቴ ዐፄ ምኒልክ ዛሬ የአካባቢ ጥበቃ የምንለውን አስበው ነው ለማለት አይደለም፤ የወጣውን ወጪ ማሰብም አለ። ባሕር ዛፉም ቢሆን ውኃ ስለሚጠጣ እስከ ዛሬ ድረስ ገበሬን ከገበሬ ያጣላል። ሆኖም የማያስፈልግን ነገር ከመጣል በፊት ለማን ይሆን ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል ሕንፃው ቆሞ ይመሰክራል።

እኔ ግን ከዚህ ሕንፃ የአንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ርቄ እየኖርሁ ሳልጠይቅ ጣልሁ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቴ በ40 ዓመት ዕቃ ተጨናንቆ ነበር፤ ጣሳው፣ ጠርሙሱ፣ የተቀደደው ፍራሽ፣ የተማሪ ደብተር፣ ፌስታል በፌስታል ውስጥ ታጭቆ። ልጄ ከአዲስ አበባ መጣና «አባባ፣ ይህን ሁሉ ግሳንግስ ታቅፈው ሊኖሩ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ጋሪ ተከራይተን የመጀመሪያውን ጭነት ከከተማው በታች ካለው ገደል ደፋነው። ቤቱ ሰፋ፤ ደስም አለኝ።

በክረምቱ የጎረቤቴ የአንዲት ባልቴት ጊደር ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ስትከፈት ከጨጓራዋ እንደ ኳስ የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ፤ ከፌስታሉም ጋር ሰማያዊ የላስቲክ ገመድ ነበረበት። ባለቤቴ ፍራሹን የምታስርበት ገመድ ነው፤ ቋጠሮው ሳይፈታ ነበር። ወደ ሴትዮዋ ሄጄ ነገርኋት። «ጋሼ፣ ከብት ያገኘውን ይበላል፤ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችኝ። የጊደሯን ዋጋ በሦስት ጊዜ ከፈልሁ፤ የመጀመሪያውን አልቀበልም ብላ ነበር። ያን ቋጠሮ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ገደሉ የመጨረሻ ቦታ አይደለም። የከተማችን ጅረቶች ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ በቆቃ በኩል አልፎ፣ በአፋር ምድር አቋርጦ፣ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ ካለው ከአቤ ሐይቅ ሲደርስ ይቆማል፤ ባሕር አይገባም። የጣልነው ሁሉ በገዛ ወገናችን መካከል ይቀራል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የጥራጊው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የሞቱት ጥራጊውን የጣሉት ሳይሆኑ ከአጠገቡ የሚኖሩት ነበሩ።

የቀረውን ዕቃ ለማውጣት ሦስት ወር ፈጀብኝ። ብረት አልጋውንና ጣሳውን ቆራሌ በኪሎ መዝኖ ወሰደው፤ ዋጋ መከራከር ስለማልችል ረክሶ ሄደ። ቢሆንም እንዲህ ያለው ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃና አካፋ እንደሚሆን ዐውቃለሁ። የመኪና ጎማ በረባሶ ሲሆን፣ ጣሳ ኩራዝ ሲሆን ያየ ትውልድ ነን፤ ይህን ጥበብ ከውጭ አገር መጽሐፍ አልተማርነውም። ጠርሙሶቹን አጥቤ ለማር ነጋዴ ሰጠሁ። በሁለት ገጽ የተጻፈባቸውን ደብተሮች ባለሱቁ ለበርበሬ መጠቅለያ ወሰዳቸው። አንድ ቀን የራሴን ቀይ እርማት በበርበሬ ተጠቅልሎ አገኘሁትና ሳቅሁ፤ ያረምሁት ስሕተት አለመሆኑንም ያን ጊዜ አየሁ።

ልብሱ ከሁሉ ይልቅ አስቸገረኝ። የባለቤቴን ደኅና ቀሚሶች ለዘመዶቿ ሰጠሁ። የተቀደደውን ግን ለድኃ ልስጥ ብዬ ከቋጠርሁ በኋላ መልሼ ፈታሁት። ቡትቶን ለድኃ መስጠት ጥራጊን ከራስ ቤት ወደ ሰው ቤት ማዛወር ነው፤ ምጽዋት አይባልም። የሚሰፋውን አሰፋሁ፤ የማይሰፋውን ወለል መወልወያ አደረግሁት። የአትክልቱን ልጣጭና አመዱን በጓሮ በቈፈርሁት ጕድጓድ ከፍግ ጋር ቀላቀልሁ፤ ዘንድሮ ጎመኑ ከአምናው ይሻላል። ላስቲኩን አላቃጠልሁም፤ ጢሱ ከጎረቤት ሕፃናት ሳንባ እንደሚገባ ዐውቃለሁና። ጠንካራውን ልዋጭ የሚለው ሰው ወሰደ፤ እኔም በለውጡ አንድ ጆግ ተቀበልሁ። ልጄ ሲሰማ «አባባ፣ ዕቃ ሊያወጡ ነው ወይስ ሊያስገቡ?» ብሎ አፌዘብኝ።

አፍንጫዋ የተሰበረው የባለቤቴ ጀበና አሁንም በመስኮቱ ላይ አለ፤ ጤና አዳም ተክዬበታለሁ። ከመደርደሪያው ላይ ደግሞ ያለቁ የባትሪ ድንጋዮች የሞሉበት አንድ የቡና ጣሳ አለ። ቆራሌው አልወስድም አለ፤ ባለሱቁም እንዲሁ። ከውስጣቸው የሚወጣው መርዝ ወደ አፈርና ወደ ውኃ ስለሚገባ ልቀብራቸው አልፈለግሁም። ልጄ በሚመጣው ወር ሲመጣ ወደ አዲስ አበባ ይዟቸው ሄዶ የሚቀበል እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ፤ እስከዚያው ክዳኑን አጥብቄ አስቀምጫቸዋለሁ።