የ6 ኪሎጁል ታሪክ፦ ፖሊሚክሲንና የባክቴሪያ ሽፋን



የመድኃኒት ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው አግኚው ነው። እኔ ግን ዛሬ የአንድን መድኃኒት መነሣት፣ መውደቅና መመለስ በኃይል ሚዛን በኩል ላሳያችሁ እወዳለሁ። መድኃኒቱ በ1947 ከአፈር ባክቴሪያ መገኘቱ የተገለጸው ፖሊሚክሲን ነው፤ ኮሊስቲንም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖሊሚክሲን 5 አዎንታዊ ቻርጆች አሉት። በግራም ነጌቲቭ ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋን ላይ የሚገኘው ሊፒድ ኤ ደግሞ በፎስፌቶቹ ምክንያት አሉታዊ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ መድኃኒቱም ሽፋኑን አጽንተው የያዙትን የማግኒዥየምና የካልሲየም አዮኖች ያፈናቅላል። ቀጥሎ የስብ ጅራቱ ወደ ሽፋኑ ይሰርጋል። በጅራቱ ዙሪያ ተደርድረው የነበሩት የውኃ ሞለኪውሎች ነፃ ሲወጡ ኢንትሮፒ ይጨምራል። ጊብዝ በ1870ዎቹ ባቆመው ስሌት መሠረት ነፃ ኃይሉ ስለሚቀንስ ትስስሩ በራሱ ይከናወናል።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ እየተጠራቀመ ጉዳት ያደርስ ነበር። በዚህም የተነሣ በ1970ዎቹ ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ሌሎች አማራጮች አዞሩ። ለሰው የተተወው ኮሊስቲን ግን በብዙ አገሮች ለእርባታ እንስሳት መሰጠቱ ቀጠለ። በኋላ ሌሎቹ መድኃኒቶች አንድ በአንድ ሲሸነፉ፣ የመጨረሻ መጠጊያ ሆኖ ወደ ሆስፒታል ተመለሰ።

በ2015 በቻይና የተገኘው ኤምሲአር-1 የተባለ ዘረመል ይፋ ሆነ። ዘረመሉ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በፕላዝሚድ ይሻገራል፤ የሚያስገኘው ኢንዛይም በሊፒድ ኤ ላይ ፎስፎኢታኖላሚን ይጨምራል። የሽፋኑ አሉታዊነት ሲቀንስ የመድኃኒቱ ትስስር ይላላል። በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ የማንኛውም ትስስር ጥንካሬ 10 እጥፍ እንዲወርድ የሚበቃው የነፃ ኃይል ለውጥ ወደ 6 ኪሎጁል በሞል ብቻ ነው፤ ይህ ሁለት የውኃ ሞለኪውሎችን ከሚያያይዝ አንድ የሃይድሮጂን ትስስር ያንሳል።

ቻይና በ2017 ኮሊስቲንን ለእንስሳት ማፋፊያነት መጠቀምን ከለከለች። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ባክቴሪያው ለመትረፍ አዲስ ሽፋን መሥራት አላስፈለገውም፤ ጥቂት ቻርጅ መሸፈን በቃው። መድኃኒቱን በየበረቱ ስንበትን ያን ጥቂት ለውጥ ያገኘውን ባክቴሪያ የመረጥነው እኛው ነን። ስለዚህ ቴርሞዳይናሚክስን የምታጠኑ ተማሪዎች፣ ስሌታችሁ የሚያበቃው በቤተ ሙከራ አይደለም፤ የሕሙማን አልጋ ድረስ ይዘልቃል።