ጥርስ ማስተካከል በማን ወጪ? ካምፓላ፣ ባትዋዎችና የሕዝብ ጤና ሽፋን ወሰን

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 የኡጋንዳ መንግሥት በሕዝብ ጤና ተቋማት ይከፈል የነበረውን የሕክምና ክፍያ ሲያስቀር የሆስፒታሎችን የግል ክፍል ከውሳኔው ውጭ ትቶት ነበር። ለወባ ታማሚ ይህ ልዩነት ያን ያህል ላይከብድ ይችላል፤ በጥርስ ሕክምና ግን ነፃውንና የሚከፈልበትን በግልጽ ይለያል። በገጠር ጤና ጣቢያ ያለ የጥርስ ባለሙያ ሥራው በአመዛኙ መንቀልና ሕመም ማስታገስ ነው። የተዛባ ጥርስና መንጋጋ ማስተካከል የፈለገ ካምፓላ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያም ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ሸክሙን ሊያቃልል ይችል የነበረው የብሔራዊ ጤና መድን ረቂቅ በመጋቢት 2021 በፓርላማ ቢያልፍም የፕሬዚዳንቱን ፊርማ ሳያገኝ ቀርቷል።

ከዚህ ሥርዓት እጅግ ርቀው የሚገኙት የደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ነባር የደን ሕዝብ የሆኑት ባትዋዎች ናቸው። የብዊንዲና የምጋሂንጋ ደኖች በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆኑ ከኖሩበት ደን ወጥተው ያለ መሬት ቀርተዋል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በሦስተኛው ሠንጠረዡ «ነባር ማኅበረሰቦች» ብሎ የሚዘረዝረው እስከ የካቲት 1 ቀን 1926 በአገሪቱ ወሰን ውስጥ ይኖሩ የነበሩትን ነው። የአገሪቱ ትልቁ ብሔር ባጋንዳም ባትዋም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በዝርዝሩ መገኘት ዜግነትን ያስገኛል እንጂ የተለየ የጤና መብት አያስገኝም። የሕግ መሠረት የሚፈልግ ሰው ይልቅ ለተገለሉ ወገኖች አዎንታዊ ድጋፍ የሚያዘውን አንቀጽ 32 መመልከት ይኖርበታል። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2021 ባትዋዎች ያለ ተገቢ ካሳ መፈናቀላቸውን አረጋግጦ ሲወስን የፈረደው ስለ መሬት ነው። ሆኖም የመገለሉ ውጤት በመሬት ብቻ አይወሰንም።

ጥርስ ማስተካከል የቅንጦት ነገር ነው የሚለው ክርክር በኡጋንዳ ቶሎ የሚሰናከልበት ምክንያት አለ። «ኤቢኖ» በሚባለው ልማድ የሕፃኑ ትኩሳትና ተቅማጥ ከድዱ እብጠት የመጣ ነው ይባልና፣ ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ በቢላ ወይም በተሳለ የብስክሌት ሽቦ ተፈልፍሎ ይወጣል። ሕፃኑ በደም መፍሰስና በመመረዝ ሊሞት ይችላል። ቢተርፍም ከሥሩ እየተሠራ ያለው ቋሚ ክራንቻ ሊጎዳ፣ ተጎራባቹ ጥርስ ቅርፁን ሊያጣ፣ የፊት ጥርሶች መሐል መስመርም ወደ አንድ ጎን ሊሸሽ ይችላል። ዴንማርካዊው የአፍ በሽታዎች ተመራማሪ ጄንስ ፒንድቦርግ በ1969 በሰሜን ኡጋንዳ አቾሊዎች ዘንድ ያየውን ይህን ጉዳት ጽፏል። የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም እንግዳ አይደሉም። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ሲያስፈልገው ጥያቄው የውበት ነው ማለት ያስቸግራል።

መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ይህን ሕክምና ሲሸፍን ምን ሊፈጠር እንደሚችል ካናዳ ታሳያለች። የፌዴራሉ የጤና ፕሮግራም ለፈርስት ኔሽንስና ለኢኑዊት ልጆች ወጪውን የሚችለው ችግሩ ከባድና አሠራርን የሚያውክ ሲሆን ብቻ ነው። የአንዲት የአልበርታ ልጅ ማመልከቻ በዚህ መስፈርት ውድቅ ተደርጎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሽቦው 6,000 የካናዳ ዶላር ገደማ ነበር፤ መንግሥት ለክርክሩ ያወጣው ግን ከ110,000 በላይ መሆኑ በ2017 ተዘገበ። መስፈርት መኖሩን አልቃወምም። እንግሊዞችም በ1989 የወጣውን የሕክምና ፍላጎት መለኪያ ይጠቀማሉ። የካናዳው ስህተት ጥርሱን ለክቶ ሕመሙን አለመስማቱ ይመስለኛል።

ካምፓላ ግን ከካናዳ ደንብ ቀድታ ብታወጣ እንኳ ርቀቱ ያሸንፋታል። ባትዋዎች ከሚኖሩባቸው ወረዳዎች አንዱ የሆነው ኪሶሮ ከዋና ከተማዋ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሽቦ የታሰረለት ልጅ ለሁለት ዓመት በየወሩ ቢመላለስ 24,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ያልተካተተበት ነፃ ሕክምና ለካምፓላ ነዋሪ ብቻ የሚጠቅም ነፃነት ይሆናል። በብዊንዲ ማኅበረሰብ ሆስፒታል ያለው የአባልነት መድን ቤተሰቦችን ወደ ሕክምና ማቅረብ እንደሚቻል ያሳየ ጅምር ነው፤ ሆኖም አንድ የገጠር ሆስፒታል ብቻውን የስፔሻሊስት አገልግሎት ሊያቆም አይችልም።

ስለዚህ ሽፋኑ ከሽቦው ባይጀምር እመርጣለሁ። በሰባትና በስምንት ዓመት ዕድሜ የሚደረግ ምርመራ፣ ያለጊዜው የተነቀለ የወተት ጥርስን ቦታ የሚጠብቅ ቀላል መሣሪያ፣ ተደራርቦ የሚበቅል ጥርስን በሰዓቱ መንቀል፤ እነዚህን በደረጃ አራት ጤና ጣቢያ ያለ የጥርስ ኦፊሰር በስፔሻሊስት ክትትል ሊሠራቸው ይችላል። የቀሩት ከባድ ጉዳዮች ካምፓላ ወዳለው የሙላጎ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካሉ፤ ቁጥራቸውም በጀት የሚያናጋ አይመስለኝም። የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለውበት የሚደረግ ሕክምናን ከጥቅሉ ያወጣል፤ ገና ሲጀመር የተሰመረ እንዲህ ያለ መስመር ቆይቶ ለማንሳት ይከብዳል። ኡጋንዳ መድኗን እንደገና ስታረቅቅ «ውበት» የሚለውን ያለ ትርጉም ባትጽፈው ይሻላል። ሽቦው ከወጣ በኋላ ጥርሱን ባለበት የሚይዘው መሣሪያም በጥቅሉ ውስጥ በስሙ ይጠቀስ፤ እሱ ቢጠፋና ምትኩን የሚከፍል ባይገኝ ጥርሱ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል።