ኮልፌና ፔሊንዳባ

ኢትዮጵያ በኑክሌር መሣሪያ ላይ የያዘችው አቋም ከባዕድ የተቀዳ ሳይሆን ከራሷ ቁስል የመነጨ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ፕሮቶኮል ፈርማና አጽድቃ ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም. በተከዜ፣ በተምቤንና በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በአርበኛውና በገበሬው ላይ ከአውሮፕላን መርዝ አዘነበች። የመንግሥታት ማኅበርም አቤቱታውን ሰምቶ ወራሪውን ሳይገታ ቀረ።

ሕግ እንዲህ የከዳው አገር በሕግ ተስፋ ቢቆርጥ ባልተፈረደበት ነበር። ኢትዮጵያ ግን ሕጉ እንዲጠናከር መታገልን መረጠች። ፈረንሳይ በየካቲት 1952 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአቶም ቦምቧን በአልጄሪያ ሰሐራ ስታፈነዳ፣ አደጋው የአፍሪካን ደጃፍ መርገጡ ግልጽ ሆነ። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ሆና በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ውሳኔ ቁጥር 1653፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ውሳኔው በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ዐወጀ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃወሙት።

በኒው ዮርክ ይህ ድምፅ በተሰጠበት በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት ይከታተሉ ነበር። ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ተያዙ፤ 27 ዓመት ታሰሩ። እርሳቸው በእስር ላይ ሳሉ የአፓርታይድ አገዛዝ በምስጢር ስድስት የአቶም ቦምቦች ሠራ። ዘረኛው ሥርዓት ሊገረሰስ ሲቃረብ ቦምቦቹን ራሱ አፈራረሰ፤ ድርጊቱንም በመጋቢት 1985 ዓ.ም. በይፋ አመነ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሐምሌ 1956 ዓ.ም. በካይሮ አህጉሪቱ ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ እንድትሆን ዐውጆ ነበር። ዐዋጁ ውል ሆኖ በዚያችው ከተማ የተፈረመው በሚያዝያ 1988 ዓ.ም.፣ የኮልፌው ሠልጣኝ የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ሳሉ ነው። ስያሜውንም ያገኘው የአፓርታይድ አገዛዝ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ከነበረበት ሥፍራ፣ ከፔሊንዳባ ነው። ውሉ በሐምሌ 2001 ዓ.ም. የጸና ሕግ ሆነ።

ከዐዋጁ እስከ ጸናው ሕግ 45 ዓመታት አልፈዋል። የኑክሌር ባለቤት የሆኑት መንግሥታት ግን መሣሪያቸውን እስከ ዛሬ አላስወገዱም። ስለዚህ ትግሉ አላበቃም። የተከዜን መርዝ ለትውልድ የሚያስተምር መምህር፣ በሥራው የሚያሳይ ከያኒ፣ የዚሁ ትግል ተካፋይ ነው፤ ግፉን የረሳ ሕዝብ ሕጉን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውምና።