በጎ ልብ ብቻውን ሲያንስ

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችንን ተበሳጭቶ አገኘነው። ሰው መርዳት ስለሚወድ ሶሻል ወርክ ለማጥናት የቆረጠ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ገና ከዲፓርትመንቱ በር ሳይደርስ የፍሬሽማን ኮርሶች ዝርዝር ተሰጠው፤ ሒሳብ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አንትሮፖሎጂ… «የተቸገረ ሰው ለመርዳት ሒሳብ ምን ይሠራልኛል?» አለን። አሜሪካ ያለች ጓደኛችንም በስልክ ተመሳሳይ እሮሮ አሰምታናለች። ሶሻል ወርክ ለመግባት በቅድሚያ ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ የሰው ባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ጨርሺ ተብላለች።

መቼም «ዩኒቨርሲቲው ስላዘዘ ነው» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። እኛ ግን ታሪኩን ገለጥ ገለጥ ስናደርገው ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ሆኖ አገኘነው። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ከተሞች ድሃ ቤት እየሄዱ የሚጠይቁት በአብዛኛው የደህና ቤተሰብ ሴቶች ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም፣ ሥልጠናም የላቸውም። ያላቸው በጎ ልብ ነው። ታዲያ ይህ በጎ ልብ አንዳንዴ ወደ ዳኝነት ይለወጥ ነበር። «ይህ እርዳታ የሚገባው ድሃ ነው፣ ያኛው ሰነፍ ነው» ብሎ መለየት የጠያቂዋ ሥልጣን ሆነ። ሜሪ ሪችመንድ በ1897 ቶሮንቶ ላይ በተደረገ ጉባኤ ተነስታ ለዚህ ሥራ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል አለች። በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ የስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ተከፈተ። በ1904 ኮርሱ ወደ አንድ ዓመት አደገ።

ስታቲስቲክስስ ከየት መጣ? ወደ ቺካጎ እንሂድ። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 ሃል ሃውስን ከፍተው ከስደተኞችና ከድሆች ጋር በአንድ ሰፈር መኖር ጀመሩ። የቤቱ ነዋሪዎች በ1895 ባሳተሙት ጥናት የሰፈሩን ቤተሰቦች ደመወዝና የትውልድ አገር ቤት ለቤት አጥንተው በካርታ ላይ በቀለም አሳዩ። ድህነት በዚያ ካርታ ላይ የአንድ ሰው ጥፋት መሆኑ ቀርቶ የሰፈር መልክ ያዘ።

ከዚያው ቤት የወጣችው ጁሊያ ላትሮፕ በ1912 የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ቢሮ የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆነች። ቢሮው ብዙም ሳይቆይ በፔንሲልቬኒያ ጆንስታውን ከተማ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ቤት ለቤት እየዞረ አጠና። የአባትየው ገቢ ባነሰ ቁጥር የሕፃናቱ ሞት እየበዛ ሄዶ ተገኘ። እስቲ አስቡት! ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ እናትየዋ «ልጅ መያዝ አትችልም» ተብላ በተወቀሰች ነበር። ለወዳጃችን ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም።

ያም ሆኖ ሙያው ገና አልተከበረም። በ1915 ባልቲሞር ላይ በተደረገ ጉባኤ አብርሃም ፍሌክስነር እንዲናገር ተጋበዘ። በ1910 ባወጣው ሪፖርት የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያንቀጠቀጠው ሰውዬ ነው። ሶሻል ወርክ ሙያ ነው ወይ? ሲባል መልሱ «ገና ነው» ሆነ። ባለጉዳዩን ከሐኪሙ፣ ከጠበቃው ጋር ታገናኛላችሁ እንጂ የራሳችሁ የሆነ የተለየ ዘዴ የላችሁም አላቸው። ንግግሩ አንገበገባቸው። ሪችመንድ በ1917 የአንድን ቤተሰብ ችግር እንዴት መመርመር እንደሚቻል የሚያሳይ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አወጣች። ኢዲት አቦትና ሶፎኒስባ ብሬክንሪጅ ደግሞ የቺካጎውን ትምህርት ቤት በ1920 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስገቡት። ሶሻል ወርከር ሕግ፣ ኢኮኖሚክስና የምርምር ዘዴ ሳያውቅ አይሆንም ባዮች ነበሩ።

ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ፕሪሪኩዚት በር እንደሚሆን ሁሉ አጥርም ይሆናል። በ1937 የአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ሙያው በድኅረ ምረቃ ብቻ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። የገጠር ክልሎች ኮሌጆች «ታዲያ የእኛን ሰፈር ማን ያገልግል?» ብለው አመፁ፤ በ1942 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሁለቱ ወገኖች በ1952 በአንድ ምክር ቤት ተጠቃለሉ። የመጀመሪያ ዲግሪው ግን ዕውቅና ያገኘው በ1974 ነው፤ ያውም በሰፊ የጠቅላላ ትምህርት መሠረት ላይ እንዲቆም ተደርጎ።

1974! ለእኛ የአብዮቱ ዓመት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1959 ተከፍቶ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ። ረሃብ፣ ጦርነትና ስደት በተፈራረቁበት ዘመን አገሪቱ የራሷ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አልነበራትም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተከፈተው ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2004 ነው። ያውም የጀመረው ከማስተርስ ነው፤ በ2006 ዶክትሬት ተከተለ። ቤት ከጣሪያ ይጀመራል ወይ? አስተማሪ ከሌለ አዎ፣ ይጀመራል። ከአጋሮቹ አንዱ ቺካጎ የሚገኘው፣ በጄን አዳምስ ስም የተሰየመው ኮሌጅ መሆኑ ደግሞ ታሪኩን ዞሮ ወደ ሃል ሃውስ መለሰው።

ዛሬ ወዳጃችንን ያማረረው ዝርዝር በ2012 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ከተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት ጋር የመጣ ነው። ዝርዝሩ አይነካ አንልም። ዕድርና ዕቁብ ባለበት አገር፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሕዝብ ባለበት አገር፣ ይህን ዕውቀት ሳያውቅ የሚመረቅ ሶሻል ወርከር ካለ እኛም ከወዳጃችን ጋር እንጮኻለን።

ሒሳቡን ግን ይማረው። ነገ የአንዲት እናት በር አንኳኩቶ ሲገባ፣ ልጇ ከእሷ ጋር ይቆይ ወይስ ይወሰድ የሚለው በእሱ ወረቀት ላይ ሊወሰን ይችላል። ያን ጊዜ በጎ ልብ ብቻ ይዞ የገባ ሰው ምን እንዳደረገ ታሪክ አሳይቶናል።